ያልሰማ ሊያስተምር ይችላልን?

ትምህርቱን የጨረሰ፥ ነጥቡም ያማረለት ተማሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሲሄድ ምን ይለወጣል? ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ "ረዳት መምህር" ይባላል፤ ትናንት አብረውት ሻይ የጠጡ ልጆች ዛሬ "መምህር" ብለው ይጠሩታል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። እኛ የምንጠይቀው ስለ መብቱ ነው። የሚያስተምረው የኮሚዩኒኬሽንና የሚዲያ ጥናት ከሆነ፥ ለሌላው ስለ መግባባት ለመናገር የሚያበቃው ምንድን ነው? ጥያቄው ለአንዳንዶቻችን የሩቅ አይደለም፤ የመጪው መስከረም ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ኮሚዩኒኬሽንን "ተግባቦት" ብለው የተረጐሙት ሰዎች፥ አውቀውም ይሁን ሳያውቁ፥ አንድ ፍርድ ሰጥተዋል። ሰው ለብቻው ሊናገር፥ ሊያውጅ፥ ሊለፍፍ ይችላል። ለብቻው ሊግባባ ግን አይችልም። "ተግባባ" ባልን ቁጥር "ከማን ጋር?" የሚል ጥያቄ ይከተላል። እንግዲህ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ፊቱን ወደ ሰሌዳው፥ ጀርባውን ወደ ተማሪው አድርጎ ስለ ተግባቦት ኖት የሚያስጽፍ መምህር፥ የሚያስተምረውን ነገር በዚያው ሰዓት እያፈረሰው ነው። የሒሳብ መምህር ክፍሉን ዝም ቢያሰኝ ሒሳቡ አይሳሳትም። የተግባቦት መምህር ዝም ካሰኘ ግን ትምህርቱ ራሱ ሐሰት ይሆናል።

"ኧረ ቀስ በሉ! ጀማሪ ምን ያድርግ?" የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ኮርሱን የቀረጸው እሱ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። መጻሕፍቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ተማሪው ደሞ ግሬዱን ይፈልጋል። ዕድሜው ከተማሪዎቹ ብዙም የማይርቅ መምህር "ናቁኝ፥ አያውቅም አሉኝ" ብሎ ስለሚሰጋ ከኖቱ ጀርባ ይሸሸጋል። ከኖቱ የወጣ ጥያቄ ሲመጣበት "በኋላ እንመለስበታለን" ይላል፤ ያ በኋላ ግን አይመጣም። ስጋቱ ይገባናል። ነገር ግን ስጋት ለመሸሸጉ ምክንያት ይሆናል እንጂ መብት አይሰጠውም።

ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1940 ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ኤሪ በምትባል አውራጃ መራጮች ሐሳባቸውን እንዴት እንደሚወስኑ አጠኑ፤ ውጤቱንም በ1944 አሳተሙ። ራዲዮና ጋዜጣ ሁሉን ሰው በቀጥታ እንደማይለውጡ፥ ወሬው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በአካባቢያቸው ወደሚታመኑ ሰዎች ደርሶ ከእነሱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አመለከቱ። መልካም ጥናት ነው። ተማሪው ሸምድዶ ይጽፈዋል፥ "ኤ" ያገኝበታል፥ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አሁን ክፍሉ ቂርቆስ ውስጥ ነው እንበል፤ አንዳንድ የግል ኮሌጆች እንደሚያደርጉት ከሱቆች በላይ በተከራዩት ፎቅ ላይ። ከመስኮቱ ሥር የታክሲው ረዳት "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" እያለ ይጣራል። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው ድርጅት "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ "ካዜ ኢንቺስ" የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ሕዝቡ ስሙን በራሱ አፍ አለስልሶ የራሱ አደረገው። እዚያው ቂርቆስ የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት። ቋንቋቸው የተለያየ መሪዎች እዚያ ሲሰበሰቡ "እንደ ምንም ተረዱ" አልተባሉም፤ አስተርጓሚ ቆመላቸው። ታዲያ ያልገባው ተማሪ ነገሩን አንዴ በሚገባው ቋንቋ ቢያብራሩለት የትኛው ክብር ይቀንሳል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ሄደዋል። በልማቱ ላይ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ይኸ ነው፦ አንዲት እናት ቤታቸው እንደሚፈርስ መጀመሪያ የሰሙት ከማን ነው? ከቴሌቪዥን? ከወረዳው ሠራተኛ? ከጎረቤት፥ ቡና ላይ? ከልጃቸው ስልክ? ያመኑትስ የትኛውን ነው? የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ መርዶ የሚለፍፍለት ሰፈር ሲበተንበት፥ የጠፋው ቤት ብቻ ነው ወይስ መገናኛውም ጭምር?

ለዚህ መልሱ ከኦሃዮ አይመጣም። ጀማሪው መምህርም ላያውቀው ይችላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ግን ታውቀው ይሆናል፤ ምናልባት እናትየዋ የእሷ እናት ናቸው። መምህሩ "እኔ አላውቀውም፥ እስቲ ንገሪን" ያለ ቀን ላዛርስፌልድም ከወረቀት ይወጣል። ሐሳቡ እዚህ ይሠራል አይሠራም የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

"ታዲያ ተማሪው ካወቀ ደመወዙንም እሱ ይውሰደው!" ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። መስማት ግን ሥራ መልቀቅ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የተቀኘውን ለመምህሩ ያሰማል፤ የኔታ ሰምተው ያርማሉ፥ የከሸፈውን ይጥላሉ። ሰሚ ስለሆኑ ክብራቸው አልቀነሰም። የጥንት ገዢዎች እንኳ "እረኛ ምን አለ?" እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የእኛም መምህር ከሰማ በኋላ "በምን አወቅሽ? ሌላስ ማን አለ? የወረዳው ሰው ቢጠየቅ ምን ይል ነበር?" እያለ ይፈትናል። የእውቀት ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ ኖት ማስጻፍማ ማንም ያስጽፋል።

"ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል" ይላሉ አባቶቻችን። በመጀመሪያው ዓመት ከኖቱ ጀርባ የተሸሸገ መምህር በአሥረኛው ዓመት መውጫው ይጠፋዋል። እሱ ያስተማራቸውም ነገ ማይክሮፎን ሲይዙ፥ ሕዝቡን ማስጻፍ እንጂ መጠየቅ አይሆንላቸውም። ስለዚህ፥ መስከረም ጠብቶ ክፍል የምንገባ ሁሉ፥ ኖቱን እንያዝ፤ ከመክፈታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ።