ያረፈ መሬት ባለቤት የለውምን?

ሰው ባየው ነገር ለመፍረድ ችኩል ነው። የታረሰውን መሬት ሲያይ «የእገሌ ነው» ይላል፤ ዱር የሆነውን ሲያይ ግን «የማንም አይደለም» ይላል። ይህ አነጋገር እውነተኛ ፍርድ ሊባል ይገባዋልን? ነገሩን ከቅርባችን ምሳሌ ወስደን እንመርምረው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር አባቶቻችን የደከመውን እርሻ እዳሪ አድርገው ያሳርፉት ነበር። ሣር ይበቅልበታል፤ ከብት ይግጥበታል፤ ጉልበቱ ሲመለስ እንደገና ይታረሳል። በዕረፍቱ ዘመን «ጌታ የለውም» ብሎ በሬውን የሚያስገባ ቢኖር ርስተኛው ዝም አይለውም ነበር፤ መሬቱን ያሳረፈው ሊመለስበት እንጂ ሊተወው አልነበረምና።

ከቡሬ ተነሥቶ በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ የወረደ ሰው ይህንኑ ሥርዐት በሌላ መልክ ያገኘዋል። መተከል ቀድሞ ከጎጃም አውራጃዎች አንዱ ነበር። የጉሙዝ ገበሬ በበጋ ዛፉንና ቁጥቋጦውን መንጥሮ፥ ሲደርቅ ያቃጥለዋል፤ ዐመዱም ለዐፈሩ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ዝናም ሲጥል በዶማ ቈፍሮ ማሽላና ዳጉሳ ይዘራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ ሲያንስ፥ አረሙም ሲበረታ፥ ያንን አሳርፎ ሌላውን ይመነጥራል። ያረፈውም ዱር ሆኖ እስኪያገግም ድረስ ማር ይቈርጥበታል፤ ሥራሥር ይለቅምበታል፤ አውሬ ያድንበታል። እንግዲህ ይህ ዱር የእርሻው አንድ ክፍል እንጂ ባዶ ስፍራ አይደለም።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ነገር ግን በበሬ የማያርስ፥ መሬቱንም ለብዙ ዓመት የሚያሳርፍ ሰው «አራሽ» መባሉን ማን አሰበለት? በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ብዙ ሰዎች ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ወደ በለስ ሸለቆ ሲወሰዱ ጫካው በመኪና ተመነጠረ፤ ጉሙዞች በየተራ ሲያርሱትና ሲያሳርፉት የኖሩት ብዙ ቦታም ለሰፈራው ዋለ።

«የተራበ ሰው ሳለ መሬት ጦሙን ሊያድር ይገባዋልን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሰፋሪዎቹ ራብ ያፈለሳቸው ሰዎች ነበሩና ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ደግሞም ሕዝብ ሲበዛ የዕረፍቱ ዘመን ያጥራል፤ ዘመኑ ሲያጥርም መሬቱ ሳያገግም እንደገና ይመነጠራል። ስለዚህ ልማዱ ሳይሻሻል ለዘለዓለም ይበቃል አንልም። ሆኖም የአንዱ ችግር የሌላውን መብት አይሽርም። ለተቸገረ ማካፈል የባለቤቱ ምግባር ነው፤ ባለቤቱን እንደሌለ ቈጥሮ መስጠት ግን በሰው ገንዘብ መመጽወት ነው።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ፥ በዚያም ዓመት የበቀለውን ድኾች እንዲመገቡት ታዟል። ድኻው በላ፤ መሬቱ ግን ከባለቤቱ አልተነጠቀም፤ በተከታዩ ዓመት የሚያርሰው እርሱው ነው። ምጽዋትና ፍትሕ በአንድ ማሳ ላይ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ በሹመትም ሆነ በትምህርት ስለ አገር መሬት ብዕር የምናነሣ ሁሉ፥ በካርታው ላይ «ባዶ መሬት» ብለን ከመጻፋችን በፊት የቦታውን ሽማግሌዎች «ይህን ያሳረፈው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለፍኖተ ሰላሙ እዳሪ የሠራ ሕግ ለመተከሉ ዱር ካልሠራ፥ አድልዎ እንጂ ሕግ ሊባል አይችልም።