የሰማህ ላልሰማ አሰማ

«ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» ሲባል ያልሰማ የለም። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ወገናችን ከአገሩ ሕግ በቃሉ የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖር እርሱ ነው። ነገሩ ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። ከዚያ ሁሉ አንቀጽ መካከል ሕዝቡ ዘንድ የደረሰችው «ባታውቀኝም አልምርህም» የምትለዋ ብቻ ናት ማለት ነው እኮ! በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ከዚሁ የሚወለድ ነው። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ የማያሰጥ ከሆነ፣ ሕግን አለማሳወቅስ ምን ይባላል? ዕዳውስ የማን ነው?

አስቀድመን ለደንቡ የሚገባውን እንስጠው። አለማወቅ የሚያስምር ቢሆን ኖሮ ብልጥ የተባለ ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ ይኖር ነበር። ዕውቀት ዕዳ፣ ድንቁርና መሸሸጊያ በሆነ ነበር። የተበደለውም ሰው «በዳይህ አላወቀም» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ያለ ምክንያት አልተደነገገም። ጨርሶ ርኅራኄ የሌለውም አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ከተናገረ በኋላ፣ በቅን ልቡና፣ በቂ ምክንያት ኖሮት የተሳሳተውን ሰው ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ እጅግ ልዩ በሆነ ሁኔታም ከነጭራሹ ሊተውለት እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህች ቀዳዳ መኖሯ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ሕግ አውጪው ሁሉም ሰው ሕጉን ያውቃል ብሎ አላመነም፤ «ያውቃል ብለን እንቁጠር» አለ እንጂ። መቁጠርና መሆን ደግሞ ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ደንቡ ፍትሐዊ የሚሆነው እንደ ውል ስናየው ነው። አንተ የማወቅ ግዴታ ካለብህ፣ እኔም የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ። ከውሉ አንዱ ወገን ብቻ ሲፈጸም፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ «ለምን አልገባህም?» ብሎ እንደ መግረፍ ይሆናል።

አባቶቻችን ይህን ውል ያውቁት ነበር። ዐዋጅ ሲወጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ነጋሪት እየተጎሰመ «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር። ቃሉን ስለለመድነው ልብ አንለውም እንጂ ሁለት ትእዛዝ አለበት። አንደኛው መስማት ነው፤ ሁለተኛው ማሰማት። ሁለተኛው ትእዛዝ ለሹሙ ወይም ለዐዋጅ ነጋሪው የተሰጠ አይደለም። እዚያ ለቆመው፣ ለሰማው ሰው ሁሉ የተሰጠ ነው። ሕጉ ከጆሮህ ከገባ ጀምሮ አደራ አለብህ፤ ጎረቤትህ አንተን ይጠብቃል ማለት ነው።

በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙን ከዚሁ ከነጋሪቱ ወረሰ፤ ድምፁን ግን አልወረሰም። በ1987 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 3 የተቋቋመው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በዐማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ እዚያ የወጣውን ሕግ ማንኛውም ሰው እንዳወቀው ይቆጠራል። ይሁን፣ እንቁጠረው። ፊደል ያልቆጠረውስ? አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ የሆነውስ? ፊደልም ቆጥሮ፣ ዐማርኛም አውቆ፣ ጋዜጣውን በዓይኑ አይቶት የማያውቀውስ?

«ያለፈው ዘመን ይሻል ነበር» ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ተቋጥረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት፣ «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሟገቱበት ችሎት ያማረ ገጽ ነበረው። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፤ ልጅ እግሩ የአነጋገሩን ስልት ይማራል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ጉድም ነበር። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር! ደጅ ጥናቱስ፣ የጌታና የሎሌው ልዩነትስ ምኑ ቅጡ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን አንሥቼ የማስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በገዛ ችሎቱ ባዕድ አልነበረም።

ዛሬ ግን ባዕድ ነው። ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንሥቶ እስከ 1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድረስ ታላላቆቹ የሕግ መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫውን የስዊሱ ሰው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አረቀቁ። በፈረንሳይኛ የታሰበው ወደ ዐማርኛ ተመለሰ። ሥራው ትልቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም «ይርጋ»፣ «ብይን»፣ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» ሲባል ተሟጋቹ በገዛ ቋንቋው አስተርጓሚ የሚፈልግ ሆነ። ከፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ እንጀራው ከዚሁ ነው። ዳኛው «መቃወሚያ አለዎት?» ብለው ሲጠይቁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» ብሎ እጅ የሚነሣውን ሽማግሌ ማሰብ አያቅትም። የተጠየቀው ስለ ዕድሉ ነው፤ የመለሰው ግን ሰላምታ ነው።

አለማወቅ ምን ያህል ያስከፍላል? ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ለፍታ ቤት ሠርታ፣ ሲጣሉ «ካርታው በእኔ ስም ነው» ስለተባለች ብቻ ልብሷን ጠቅልላ ትወጣለች እንበል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 ግን ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ነው ይላል። የማስረዳት ሸክሙ የእርሱ ነበር፤ ተሸክማው የወጣችው እርሷ ናት።

አንድ ሠራተኛ ያለ አግባብ ተባርሮ፣ «አለቃዬ ይራራልኝ ይሆናል» እያለ አራት ወር ደጅ ይጠናል እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ክስ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይቀራል። ሰውየውን የጎዳው ጨዋነቱ ነው። አስገራሚው ነገር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሣም፤ ተከራካሪው ካላነሣው እንዳልነበረ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዐይነት ነገር ቢከሰሱ፣ የሚያውቀው ይድናል፤ የማያውቀው ይከፍላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ፍርዱን ሁለት አደረገው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ቢያጣና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ፣ ቋንቋው ሌላ ከሆነም በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል። እነዚህን አራት አምስት ነገሮች የማታውቅ እናት ልጇ በተያዘ በአምስተኛው ቀን ስንቅ ይዛ በር ላይ ቆማ፣ ፖሊሱ «ደኅና ነው» ቢላት መርቃ ትሄዳለች።

ምርቃቷ ላይ ትንሽ እንቁም፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚያ ነውና። መብቱን የማያውቅ ሰው የሚያጣው ንብረት ወይም ጊዜ ብቻ አይደለም። የሚገባው ነገር ሲሰጠው እንኳ እንደ ቸርነት ይቀበለዋል። ግዴታ ወደ ውለታ ይለወጣል። ዳኛ በትክክል ሲፈርድለት እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ጸሐፊ መዝገቡን ፈልጎ ሲያወጣለት የሻይ ይሰጣል። ይህ ነገር ተቀባዩን ብቻ አያዋርድም፤ ሰጪውንም ያበላሸዋል። ሥራውን በመሥራቱ ሲመረቅ የኖረ ሹም፣ ውሎ አድሮ ያልመረቁትን ሰዎች ሥራ አይሠራም። እንግዲህ ሕዝብን ሕግ ማስተማር ማለት ክርክር ማስተማር ብቻ አይደለም። የልመናን ቋንቋ በጥያቄ ቋንቋ መተካት ነው። «እባክዎ» እና «ይገባኛል» የሚሉት ቃላት ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ግን የሚያቆሙት ሰው አንድ አይደለም።

ይህን አሳብ በመኝታ ቤታችን ክርክር ላይ ሳነሣ የሚገጥሙኝ ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ሕግ የባለጠጋ መሣሪያ ነው፤ ድኻውን ሕግ ማስተማር ማታለል ነው» ይላሉ። እውነት የለበትም አልልም። ወረቀቱ የሰጠውን እጅ ሲነሣ አይተናል፤ «ፍቱት» ተብሎ የታዘዘ ሰው ሳይፈታ መቅረቱንም ሰምተናል። ነገር ግን ቃል የተገባለትን የማያውቅ ሰው ቃሉ መታጠፉንም አያውቅም። የተሰበረ ሕግ አለ ብሎ ለመጮኽ እንኳ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕውቀት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ያለ ዕውቀት ግን በደሉ ስም እንኳ የለውም፤ «ዕድሌ ነው» ተብሎ ይዋጣል።

ሁለተኛዎቹ «ሕዝባችን እንዲያውም ሙግት ይወዳል፤ ደግሞ ልታባብሱት ነው?» ይላሉ። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሕዝብ በእርግጥ ነገር አይፈራም። ግን ተረቱን ልብ በሉት። ሰውየው በቅሎዋን ወድዶ ለቅቋል! የሚያንገበግበው ማጣቱ ሳይሆን ያለ ፍርድ መነጠቁ ነው። መብቱን ያወቀ ሰው መብት የሌለው የት ላይ እንደሆነም ያውቃል፤ የማያሸንፈውን ነገር ይተዋል። ሽምግልናንም ብንወስድ፣ ደካማው ወገን ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ የሚታረቀው ዕርቅ፣ ዕርቅ አይደለም፤ እጅ መስጠት ነው። ሁለቱም አውቀው ሲታረቁ ግን የሽማግሎቹ ምርቃት ይደርሳል።

ሦስተኛዎቹ፣ በተለይ የሕግ ተማሪዎች ወዳጆቻችን፣ «ግማሽ ዕውቀት ያጠፋል፤ ለባለሙያው ተዉት» ይላሉ። እነዚህ የሚሉት ትክክል ነው፤ ግን እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች የጥብቅና ሥራ እንሥራ ብንል ሰው እንጎዳለን። ይሁን እንጂ ማከም ሌላ፣ «ሐኪም ቤቱ በዚህ በኩል ነው፣ ሳይመሽ ድረሽ» ማለት ሌላ። «ጊዜ ገደብ አለው፣ አትዘግዪ» ለማለት፣ «መጥሪያ ከደረሰህ አትቅር፤ በሌለህበት ይታይብሃል» ብሎ ለማስጠንቀቅ፣ «በፍትሐ ብሔር ነገር ይግባኝህ 60 ቀን ነው» ለማለት፣ ያልገባህን ወረቀት አትፈርም ብሎ ለመምከር ጠበቃ መሆን አያሻም። ከዚያ ያለፈውን በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ወደ ከፈቷቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከሎች፣ ወይም ወደ ተከላካይ ጠበቆች መላክ ነው።

ደግሞ የእኛ ሙያ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። ሕጉን ጠበቃው ያውቀዋል፤ ወደ እናቱ ቋንቋ የሚመልሰው ግን ማን ነው? «ይርጋ» የሚለውን ቃል ለአንዲት ገበያተኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ያቃተው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቋንቋ ኃይል ብዙ ባይጽፍ ይሻላል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሕዝቡን ፊደል ማስቆጠር ከተቻለ፣ ፊደሉን ተከትሎ መጥሪያ ማስነበብ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ ክርክር በግልጽ ችሎት ይሰማ ይላል፤ በዝግ እንዲታይ ካልታዘዘ በስተቀር ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ከመካከላችን አንድ ቀን እንኳ ችሎት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ስንት ነው? እንግዲያው በመጀመሪያ ራሳችን ሄደን እንስማ። ከዚያ ክረምት ሲገባ እያንዳንዳችን ወደየቤታችን መሄዳችን አይቀርም። እዚያ ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። በእጅህ የያዝከው ደብተር ላይ 48 ሰዓት፣ ሦስት ወር፣ 60 ቀን፣ አንቀጽ 63 ተብሎ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። አንብብላቸው። በሚሰሙት ቋንቋ አንብብላቸው። አንዷ «እንዴ! እንዲህ ነው እንዴ?» ካለች፣ ለሌላዋ እንድትነግራት አደራ በላት።