ስለ ግጭትና ስለ ርትዕ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር አቃቂ በሰቃን ከጣቢያዎቹ አንዷ ካደረጋት ወዲህ፣ ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጠም የሚያሰማው የብረት ጩኸት ለአገሬው ጆሮ የተለመደ ሆነ፤ በዚያች ቅጽበት የሚፈጸመውን ሕግ አጥብቆ የመረመረ ሰው ግን ነገሩ ከብረት ሥራ አልፎ ወደ ሃይማኖት ጥያቄ ሲስበው ያገኘዋል።

ጭነት ይዞ 30 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየተንከባለለ መጥቶ፣ ቆሞ ከነበረው 10 ቶን ባዶ ፉርጎ ጋር ቢያያዝ፣ የሐዲዱን ሰበቃ ካልቈጠርን፣ ሁለቱ አንድ ሆነው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ግዝፈት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው፣ ተማሪዎች ሞመንተም የሚሉት መጠን፣ አስቀድሞም 120፣ ኋላም 120 ነው፤ ከባዱ ያጣውን ቀላሉ ወረሰው እንጂ የጠፋ የለም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህን ጥበቃ ከመለኮት ባሕርይ አመነጨው፦ ፈጣሪ የማይለወጥ ስለሆነ፣ በጥንተ ፍጥረት ለዓለም የሰጠውን የእንቅስቃሴ መጠን ሳይጨምርና ሳያጎድል ይጠብቀዋል አለ። አሳቡ ታላቅ፣ ስሌቱ ግን ጎደሎ ነበር፤ የሆላንዱ ሊቅ ሁይገንስ እንዳስረዳው አቅጣጫ ካልታሰበ ሒሳቡ አይገጥምም። እኩል የሆኑ ሁለት ፉርጎዎች ከምሥራቅና ከምዕራብ በእኩል ፍጥነት መጥተው፣ ተጋጭተውና ተያይዘው ቢቆሙ፣ ድምሩ ከመጋጨታቸው አስቀድሞም ባዶ ነበርና።

ታዲያ ሚዛኑን እንዲህ የሚጠብቅ ፍጥረት ፍትሕን ያስተምረናልን? የፊተኞቹ ሁለት ፉርጎዎች፣ ባለ 30 ቶኑና ባለ 10 ቶኑ፣ የተቀበሉት ምት ትክክል ሲሆን፣ ከባዱ ከፍጥነቱ 1 ብቻ ተቀነሰበት፤ ቀላሉ ግን በ3 ተወረወረ። ከቃሊቲ በአቃቂ አድርጎ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው ጎዳናም ባለ ተሳቢ የጭነት መኪናና ትንሽ ታክሲ ቢጋጩ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል እኩል ነው፤ መከራው ግን ይልቁን በታክሲው ተሳፋሪዎች ላይ ይጸናል። የተፈጥሮ ሕግ ምቱን ያስተካክላል እንጂ ጉዳቱን አያስተካክልም።

ስለዚህ በዚህ ሕግ ውስጥ የፈጣሪን አለመለወጥ የሚያስተውል ሰው ባይነቀፍም፣ ምሕረቱን ከዚያ የሚፈልግ ግን አያገኘውም፤ ምሕረት ለባዊት ነፍስ ላለው፣ ከግጭት በፊት አስቦ ፍጥነቱን ሊገታ ለሚችል ለሰው የተተወ ሥራ ነውና። በሀብት ወይም በሥልጣን የገዘፈ ሰው ድኻውን ገጭቶ ሲያበቃ «እኔም የዚያኑ ያህል ተመታሁ» ቢል፣ በሒሳብ እውነት ተናገረ፤ በርትዕ ፊት ግን መልስ አልሰጠም።