ከክንዳችን የሚወጣ ሰደቃ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ የሰው ልጅ በእያንዳንዱ የአካሉ መገጣጠሚያ ልክ ሰደቃ እንዳለበት አስተምረውናል። ሰደቃውንም ሲዘረዝሩ በሁለት ሰዎች መካከል በፍትሕ ማስታረቅን፣ መልካም ንግግርን፣ ወደ ሶላት የሚደረግ እርምጃን፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትን ጠቅሰዋል። በዚሁ ሐዲስ ውስጥ ብዙዎቻችን ልብ የማንላት አንዲት ነገር አለች። እርሷም ሰውን በሚጋልበው እንስሳ ላይ ደግፎ ማውጣት ወይም ጓዙን አንስቶ መጫን ሰደቃ መሆኑ ነው። እንግዲህ አካላችን ጤነኛ ሆኖ ማደሩ ብቻውን ዕዳ ነው ማለት ነው። የዕዳው መክፈያም ያው አካላችን ነው።

ይህን ሐዲስ ያስታወሰኝ በአሜሪካ የተደረገ አንድ የብስክሌት ጉዞ ነው። በፍሎሪዳ ስቴት፣ በጌንስቪል ከተማ ላይፍሳውዝ የሚባል የደም ባንክ ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ ውስጥ «አምስቱ የሕይወት ነጥቦች» የተሰኘ የብስክሌት ጉዞ ያካሂድ ነበር። ብስክሌተኞቹ ከስቴት ወደ ስቴት እየተሻገሩ በየከተማው የሚያስተምሩት አንድ ሰው ከአካሉ ለሌላው ሊያካፍል ስለሚችልባቸው አምስት መንገዶች ነው። አንደኛው ደም ነው። ሁለተኛው በማሽን ከደም ውስጥ ፕሌትሌትን የመሰለውን ክፍል ብቻ ለይቶ መስጠትና የቀረውን ወደ ሰውነት መመለስ ነው። ሦስተኛው የአጥንት መቅኔ ነው። አራተኛው ሕፃን ሲወለድ በእትብቱ ውስጥ የሚቀረውና አለዚያ የሚጣለው ደም ነው። አምስተኛው ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ ልብን የመሰሉ የውስጥ አካላትና እንደ ቆዳና የዓይን ብሌን ያሉ ሕብረ ሕዋሳት ናቸው።

«ታዲያ የአሜሪካኖቹ ብስክሌት እኛን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ብስክሌቱ አያገባንም። የሚያገባን ጥያቄው ነው። ከአምስቱ መካከል እኛ ስንቱን ሰጥተናል?

ሌላውን ከመጠየቄ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሌሊት ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «ደም ያስፈልጋታል» ሲለኝ እግሬ ከዳኝ። አልሐምዱሊላህ ደሙ ተገኘ። ሁለት ከረጢት ተሰጣት፤ ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገልጣ ስለ ልጇ ጠየቀችኝ። ከረጢቱን አየሁት። የተጻፈበት የደሙ ዓይነትና ቁጥር እንጂ የሰጪው ስም አልነበረም። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሀብታም ይሁን የቀን ሠራተኛ አላውቅም። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አውጥተን ጎረቤቱን ሁሉ ጠራን። ያን ከረጢት የሞላው ሰው ግን ከማዕዱ አልቀረበም። ማን ብለን እንጠራዋለን?

ውድ አንባብያን፣ ያቺ ልጅ አድጋ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ እኔ አንድም ቀን ደም ሰጥቼ አላውቅም ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ለመስጠት ሲሄዱ «በጉዳዩ ላይ ዑለሞች ይለያያሉ» እያልኩ እቀር ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ለአንድ አረጋዊ ሸኽ ነገርኳቸው። እርሳቸውም በእርጋታ «ልጄ፣ የተለያዩት በየትኛው ላይ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ቀጠሉና «ሚስትህ ደሙን ስትወስድስ ኺላፉን ጠይቀህ ነበር?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ያን ዕለት የገባኝን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ዑለሞች በተለያዩበት ጉዳይ ተከልለን ከተስማሙበት ግዴታ እየሸሸን ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚጀምር በሚገባ እንይ። ሰውነታችን የአላህ (ሱ.ወ) አማና ነው እንጂ እንደ ሸቀጥ የምናዝበት ንብረታችን አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሟችን አጥንት መስበር በሕይወት ያለን ሰው አጥንት እንደመስበር መሆኑን ተናግረዋል። ከዚህ በመነሳት የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕና የግብፁ ሸኽ ሙተወሊ ሸዕራዊ የአካል ክፍልን ከሰው ወደ ሰው ማዛወርን ተቃውመዋል። ሥጋታቸውም ቀላል አይደለም። ድኻ ኩላሊቱን እየሸጠ ሀብታም የሚድንበት ገበያ በዓለም ላይ መኖሩን እናውቃለን።

በሌላ በኩል የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለሞች ጉባኤ እ.ኤ.አ በ1982 ፈቅዷል። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ በ1988 ጉዳዩን መርምሮ በመስፈርት ፈቅዷል። መስፈርቶቹን ልብ በሉ። በሕይወት ያለ ሰው ሕይወቱ የቆመበትን እንደ ልብ ያለ አካል መስጠት አይችልም። ከሟች የሚወሰደው የተቀባዩ ሕይወት ወይም መሠረታዊ የአካል ተግባሩ የቆመበት ሲሆን ነው። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ ሊፈቅዱ ይገባል። መሸጥ በማንኛውም መልኩ ሐራም ነው። የአንጎል መሞት እንደ ሞት ይቆጠራል ወይስ ልብ እስኪቆም ይጠበቃል በሚለው ላይ ደግሞ ዑለሞች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ በዚህ ላይ የሚያምነውን ዐሊም መጠየቅ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።

ደምን በሚመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደም መብላትና መጠጣት ሐራም መሆኑን ቁርኣን ደንግጓል። ያው ቁርኣን ግን ለተቸገረና ወሰን ለማያልፍ ሰው በችግሩ ልክ መንገድ ከፍቶለታል። የጂዳው አካዳሚ ደምና ቆዳን የመሰሉ ራሳቸውን የሚተኩ ነገሮችን መስጠት የተፈቀደ መሆኑን ገልጿል። የሚደንቀው ደግሞ አካል ማዛወርን የከለከሉት ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ራሳቸው በችግር ጊዜ ደም መስጠትን መፍቀዳቸው ነው። ማስረጃቸውም የእናት ጡት ወተት ነው። ወተት የሰው አካል ክፍል ነው፤ ሳይቆረጥና ሳይጎዳ ይወጣል፤ ሌላው ይኖርበታል፤ አላህም ይተካዋል። ደምም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ፈቃጁም ከልካዩም እዚህ ላይ ከተገናኙ ለእኔና ለእናንተ ምን ሰበብ ቀረልን?

«ደም ብሰጥ እደክማለሁ» እንል ይሆናል። አንድ ጎልማሳ በሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም ሲኖረው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ ክፍል በአንድና በሁለት ቀን፣ ቀዩ ሕዋስ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። በአገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤናው የተመረመረ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። በአንጻሩ ግን የተሰጠ ደም አይከማችም። ቀይ ሕዋሱ ቢበዛ 42 ቀን፣ ፕሌትሌት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ምጥ ላይ ላለች እናት የሚደርሰው ባለፈው ዓመት የሰጠነው ሳይሆን በዚህ ወር የሰጠነው ነው።

ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥቂት ጉዳዮች አሉ። «ደም መቀበል እንደ ጡት ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል ወይ?» አይከለክልም፤ ሸሪዓ ያን ሕግ የደነገገው ለጡት ነው። «ደሜ ለክርስቲያን ቢሰጥስ?» አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙምተሒና ባልተዋጉንና ከቤታችን ባላስወጡን ሰዎች ላይ በጎ መዋልን አልከለከለንም። የጎረቤታችንን ደም ስንቀበል ሃይማኖቱን ካልጠየቅን ስንሰጥ የምንጠይቀው ለምንድን ነው? «በረመዳንስ?» ብዙዎቹ ዑለሞች፣ ሻፊዒዮችና ሐነፊዮችን ጨምሮ፣ ሒጃማ ጾም አያበላሽም ይላሉ፤ ሐንበሊዮች ያበላሻል ይላሉ። ከልዩነቱ ለመውጣት የፈለገ ከኢፍጧር በኋላ ወይም ከረመዳን አስቀድሞ ይስጥ። ረመዳን ሲገባ የሁላችንም ክንድ አብሮ ከታጠፈ ግን ሆስፒታሉ ከማን ይቀበላል?

ወደ ብስክሌተኞቹ ልመለስ። «መልካም ሥራን በአደባባይ ማውራት ሪያእ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ቁርኣን ሰደቃን በግልጽ መስጠትን መልካም ብሎ በድብቅ መስጠትን ደግሞ አብልጦታል። ደም መስጠት ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ነው። ጥሪው በአደባባይ ነው፤ ስጦታው ግን ስም የሌለው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቂያማ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት ሰባት መካከል ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ የሚደብቅ ሰው እንደሚገኝ ነግረውናል። ለማያውቀው ሰው ከቀኝ ክንዱ ደም የሰጠ ሰው ለዚህ ሐዲስ ምን ያህል የቀረበ ነው!

የሞቱትም ቢሆኑ ሊዘነጉ አይገባም። እ.ኤ.አ በኅዳር 2005፣ በዒድ አልፊጥር ሰሞን፣ በጀኒን ከተማ የ12 ዓመቱ ፍልስጤማዊ አሕመድ ኸጢብ የመጫወቻ ጠመንጃ ይዞ ሳለ በእስራኤል ወታደር ተተኩሶበት ሞተ። አባቱ ኢስማዒልና እናቱ የልጃቸውን የአካል ክፍሎች ለሕሙማን ለገሱ። የተቀበሉት በእስራኤል የሚኖሩ ዐረቦችና አይሁዶች ናቸው። ልጁን በሰው እጅ ያጣ ሙስሊም አባት ይህን ከቻለ፣ ሶብር ምን ያህል ከፍታ እንዳለው እንማርበት።

በአገራችንም በሩ ተከፍቷል። ለረጅም ዘመን በቀይ መስቀል ሥር የነበረው የደም ባንክ እ.ኤ.አ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ በ2003 ተመሥርቷል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ በ2015 ከዘመድ ለዘመድ ኩላሊት የመለገስ ሕክምና ተጀምሯል። የዓይን ብሌን የሚወሰደው ሰው በሞተ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመሆኑ ጀናዛን ቶሎ የመቅበር ሱናችንን ያዘገያል ተብሎ መፍራት አያስፈልግም። ይህን የሚሻ ሰው ዐሊሙን ጠይቆ፣ ቃሉን በጤናው ሳለ ለቤተሰቡ ይንገር። በሐዘን ሰዓት ውሳኔውን በልጆቹ ጫንቃ ላይ አይጣል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብስክሌት ግዙ አልላችሁም። የየመስጊዱ ጀማዓ፣ ወጣቶችና የሴቶች ሐለቃ ተመካክረው በዓመት አራት ጊዜ ከጁሙዓ በኋላ አብረው ወደ ደም ባንክ ቢሄዱ ይበቃል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ የአንዲትን ነፍስ ሕይወት ያተረፈ የሰውን ዘር ሁሉ እንዳተረፈ መሆኑን ነግሮናል። ይህን ለማግኘት የሚጠበቅብን የአንድ ሰዓት ትዕግሥትና አንድ የመርፌ ውጊያ ነው።

እኔ ከዚያ ሸኽ ዘንድ እንደወጣሁ በሳምንቱ ሄድኩ። ከአልጋው ስነሳ ከረጢቱን አየሁት፤ የእኔም ስም አልተጻፈበትም። ለየትኛዋ እናት እንደደረሰ አላውቅም፤ አላህ ያውቃል። የባለቤቴን ሁለት ከረጢት ግን ገና መክፈል ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩም።

አላህ (ሱ.ወ) ስም ሳይጽፉ የሰጡንን ሁሉ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። በጤናችን ሳለን ከምንሰጠው ያድርገን። አሚን! ወላሁ አዕለም።