ዱባሽን ከጭቃው አንሺው

ልጄ፣ የጓሮሽ ዱባ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት መድረሱን ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። ሐረግ ሲያምር ግን ሰው ይዘናጋል። እስቲ ቅጠሉን ገለጥ አድርገሽ ከሥሩ እዪ፤ ቡጢ የሚያህለው እንጭጭ ሆዱን ጭቃ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ከላይ ጠንካራና አረንጓዴ ነው። ነሐሴን ሙሉ እዚያው ከተኛ ግን በመስከረም ልታነሺው ስትሞክሪ ታቹ መሬት ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ዝናቡ በዛ» ብሎ ያልፈዋል። ዝናቡንስ ማን ያስቆመዋል? ዱባውን አራት ጣት ያህል ከአፈሩ ከፍ ማድረግ ግን በእጅሽ ነው።

የሚያበሰብሰው ውሃው ብቻ አይደለም። አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው የሻጋታ ወገኖች ይኖራሉ። ከእነሱ ውስጥ ፋይቶፍቶራና ፒቲየም የሚባሉት መሬቱ ውሃ ሲይዝ በውሃው ውስጥ የሚዋኝ ዘር ይለቃሉ። የእንጭጩ ቆዳ ገና ስስ ነው፤ እርጥበቱ ላይ ሲሰነብት ያ ዘር ያገኘዋል። አፈሩን የነካው ቦታ መጀመሪያ ይወይባል፣ ቀጥሎ ይረግባል፣ በመጨረሻም ነጭ ሻጋታ ያወጣል። የአንቺ ጓሮ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃውን ይዞ አይለቅም። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች የዋልካን ጠባይ ስለሚያውቁ፣ ማሳቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ በእጅ እያፈሰ በመደብና በቦይ ይከፍሉታል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ አዝመራው መደቡ ላይ ይቆማል። ለከርሞ አንቺም ዱባሽን መደብ ላይ ትከዪው። ለዘንድሮው ግን ፍሬውን ከፍ ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

ጊዜውን ምረጪ። በጠዋት ሐረጉ ውሃ ጠግቦ ስለሚያድር ቶሎ ቀንጠስ ይላል፤ ፀሐይ ወጣ ባለችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ይለዝባል። ፍሬውን ከሐረጉ የሚያያይዘውን አንገት አታጣሚው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ዱባው አለቀለት። አንድ እጅሽን ከሥሩ አስገብተሽ መደገፊያው እስኪገባ ብቻ ከፍ አድርጊውና በሌላው እጅሽ አስገቢው። ሐረጉን ግን አታንሺ። ዱባ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ነው የሚሄደው፤ ሐረጉን ከጎተትሽው ያን ሥር ትበጥሺዋለሽ። ፍሬው ሲያብጥ አንገቱን ወደ ላይ እየሳበ ካስቸገረሽ፣ አጠገቡ ያለውን የአንዱን አንጓ ሥር ብቻ በቀስታ ነቅለሽ ሐረጉን ላላ አድርጊለት።

ከሥሩ ምን ይደረግ? እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ርብራብ ነው። ሁለት ድንጋይ አስቀምጪና በላያቸው የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ፣ አለዚያም ቀጫጭን እንጨት፣ በመካከሉ ክፍተት እየተውሽ ደርድሪበት። ውሃው በክፍተቱ ይወርዳል፣ ነፋሱ ከሥር ያልፋል፣ ቆዳው ይደርቃል። ጠፍጣፋ ድንጋይም ጥሩ ነው፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይሰጣል። ግን መሀሉ ጎድጓዳ እንዳይሆን፣ በአንድ ወገን ዘንበል አድርገሽ አስቀምጪው። የተሰበረ ምጣድ ካለሽም እሱው ይበቃል።

ሰዎች ጭድ አንጥፊበት ይሉሻል። በበጋ በመስኖ ለሚያለማ እውነት ነው። በእኛ ክረምት ግን የጤፍ ጭድ ሁለት ሦስት ዝናብ ሲመታው ይጣበቅና ራሱ መበስበስ ይጀምራል፤ ያኔ ዱባሽን ከአንዱ እርጥበት አንስተሽ ሌላው ላይ አስቀመጥሽው ማለት ነው። ጭድ ብቻ ካለሽ ወፍራም አድርጊውና ሲርስ ሲርስ ለውጪው። ላስቲክ ፈጽሞ አታንጥፊ፤ ዝናቡን አቁሮ ፍሬውን ኩሬ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አጥር ላይ የተንጠለጠለውን ደግሞ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ አስገቢውና መረቡን ከአጥሩ ቋሚ ጋር እሰሪው፤ ክብደቱን ሐረጉ ብቻውን እንዳይሸከም።

ይህን ሁሉ አድርገሽም የሚበላሽ ይኖራል፤ ከየት እንደጀመረ ማየት ልመጂ። ከሆዱ፣ አፈር ከነካው በኩል ከጀመረ ነገሩ የነገርኩሽ ነው። ከጫፉ፣ አበባው ከነበረበት በኩል ከጀመረ ግን የደረቀው አበባ እላዩ ላይ ሻግቶ ይሆናል፤ ርብራብ አያድነውም። ፍሬው ከያዘ በኋላ የጠወለገውን አበባ በጣትሽ ቀስ ብለሽ አንሺለት፣ የተጨናነቀውንም ቅጠል ትንሽ አሳሺው። ገና ጣት ሳያህል ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ንብ ያልደረሰለት ነው። በዝናባማ ጠዋት ንብ አይወጣምና፣ ወንዱን አበባ ቀጥፈሽ ዱቄቱን ሴቷ አበባ መሀል አስነኪው። ሴቷን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ዱባ ትለያታለሽ።

የበሰበሰውን እዚያው አትተዪው፤ ብስባሽ ጉድጓድም ውስጥ አትጣዪው። ከጓሮ አውጥተሽ አስወግጂው። አንድ ነገር አደራ የምልሽ፣ ዱባ ከሆዱ ጀምሮ በበሰበሰበት ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ቃሪያም ሆነ ቲማቲም አትትከዪ። ከፋይቶፍቶራ ወገን አንዱ እነሱንም ይጥላል። ቢያንስ ሦስት ዓመት ጎመን ወይም በቆሎ ዝሪበት።

ዝናቡ ሲቆም ቆዳውን በጥፍርሽ ሞክሪው። ጥፍርሽ ካልገባና አንገቱ እንደ እንጨት ከጠነከረ ደርሷል። አራት ጣት የሚያህል አንገት ትተሽ በስለት ቁረጪው፤ አንገቱን ይዘሽ ግን አትሸከሚው፣ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ ሻጋታ ይገባል። ዐሥር ቀን ያህል ቀን ቀን ፀሐይ አሙቂውና ማታ ከጤዛ አስገቢው። ከዚያ ቆጥ ላይ፣ እርስ በርስ ሳይነካካ ደርድሪው። ሆዱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለበትን ለጽጌ ጾም ወጥ ቀድመሽ ሥሪው፤ ንጹሑን ለዐቢይ ጾም አቆዪው፣ በየሳምንቱም እያገላበጥሽ ሆዱን እዪለት።