ስንቁን የሚቋጥረው ማን ነው?

አማርኛ ትዳር መያዝን «ጎጆ መውጣት» ይለዋል። የራሱ ቤት እንዲኖረው ሰው መጀመሪያ ከቤት ይወጣል። ልጅ ሆኜ አባባሉ ምንም አይመስለኝም ነበር። ደጋግሜ ያሰብኩበት ካገባሁ በኋላ፣ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ ሳወርድ ባለቤቴ እንዴት ዝም እንደምትል ካየሁ በኋላ ነው። መንገድ እወዳለሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ፣ የማላውቀው ከተማ ሻይ ቤት፣ «ከየት ነህ?» የሚለኝ ሰው ልቤን ያሞቁታል። ቤቴንም እወዳለሁ፤ ሁለቱም ፍቅሮች እውነተኛ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይታረቃሉ? የተለመደው መልስ ሚዛን ነው፤ ይህን ያህል ቀን ለቤት፣ ይህን ያህል ቀን ለመንገድ። እኔም ለዓመታት ቀን ስቆጥር ኖሬያለሁ። አሁን ግን ቆጠራው ራሱ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከአዳማ ተነስቶ አሰብ ወደብ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል። በዋዜማው ማታ እናቴ ዳቦ ቆሎ ትሠራለች። ሊጡን በበርበሬና በዘይት አሽታ፣ በመዳፏ እያድበለበለች እንደ ገመድ ታስረዝመዋለች፤ ከዚያ በቢላ ደቃቅ አድርጋ ትቆራርጠዋለች። የመጀመሪያው ምጣድ የአባቴ ነው፤ እኛ ልጆቹ ሽታውን ብቻ እንጠግባለን። ሲበርድ በነጭ ጨርቅ ትቋጥረውና ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ታጠብቃለች። ጎህ ሳይቀድ ፔርሙዙን ሻይ ሞልታ እስከ መኪናው ትሸኘዋለች።

እሱ በሌለበት የዕድሩን ወርኃዊ የምትከፍለው እሷ ናት። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን የምትቀመጠው፣ ማኅበር ሲደርስ የምትደግሰው፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሰው የምትፈልገው እሷ ናት። «አባወራው የሉም እንዴ?» ሲሏት «መንገድ ላይ ነው» ትልና የእሱን ቦታ ትይዛለች። አባቴ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ቤቱ እንዳለ ነው» ይላል፣ ደስ ብሎት። ከልቡ ነበር። ግን ቤት እንዳለ አይቆይም። እሳቱ ሲጠፋ እንደገና ይያያዛል፣ ውኃው ሲያልቅ ይቀዳል፣ ዝምድናው በለቅሶና በደስታ ይታደሳል። ቤት በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው። ተጓዡ ሲመለስ የሚያገኘው፣ በሌለበት ሌላ ሰው ደጋግሞ የሠራውን ቤት ነው።

አንድ ማታ እናቴ «ባሕሩ ምን ይመስላል?» አለችው። ደክሞት ነበር። «ውኃ ነው» አላት። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አባቴም አብሮ ዞረ። እናቴ ስለ ባሕሩ ሁለተኛ ስትጠይቅ አልሰማሁም።

ስለ ታላላቅ ተጓዦች ሳነብ ዓይኔ አሁን የሚሄደው ወደ ቀሩት ነው። ኢብን ባቱታ በ1325 እ.ኤ.አ.፣ በ21 ዓመቱ፣ ሞሮኮ ካለችው ታንጀር ብቻውን ወጣ። ደማስቆ ላይ አንዲት ሴት አግብቶ ነፍሰ ጡር እንደሆነች ትቷት ሄደ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ስለ ልጁ ሲጠይቅ፣ ከሞተ 12 ዓመት እንደሆነው ነገሩት። አባቱም ከሞተ 15 ዓመት አልፎት ነበር። እናቱ በሕይወት አለች ተብሎ ጉዞውን ወደ አገሩ ቀጠለ፤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በወረርሽኝ መሞቷን ሰማ። ጉዞው የሰው ልጅ ሀብት ነው፤ እኔም አንብቤ ተደንቄበታለሁ። ግን እነዚህን መስመሮች ሳልዘገይባቸው ማለፍ አልችልም።

መጓዝን መተው መፍትሔ ነው የሚል ሰው ካንትን ሊጠራ ይችላል። ፈላስፋው ዕድሜውን ሙሉ ከኬኒግስበርግ ብዙም ሳይርቅ ኖሮ፣ 40 ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተማረ። የለንደኑን ዌስትሚንስተር ድልድይ በቃል ሲገልጽ፣ ያዳመጠው እንግሊዛዊ ለንደን ስንት ዓመት እንደኖረ ጠየቀው ይባላል። ነገር ግን ካንት ራሱ እንደጻፈው፣ ኬኒግስበርግ ሰው ሳይጓዝም ስለ ሰውና ስለ ዓለም ብዙ ሊያውቅባት የሚችል ከተማ ናት፤ ወደብና ንግድ አላትና። መርከበኛውና ነጋዴው ዓለምን ደጃፉ ድረስ ያመጡለት ነበር። የቅርብ ወዳጁ ጆሴፍ ግሪንም እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር። ስለዚህ ቤቱ የተቀመጠውም በሌሎች እግር ተጉዟል።

ለዚህ ነው ሚዛን የማይበቃኝ። ሚዛን በአንድ ሰው ውስጥ ያሉ ሁለት ፍላጎቶችን ይመዝናል፤ ነገሩ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ነው። አባቴ መንገድ የወጣው ለእንጀራ ነው፤ ያመጣውን ሁላችንም በላን። የእኔ ጉዞ ለፍቅር ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ይልቅ እኔ ልጠየቅ ይገባል። ፍላጎቱ ጥፋት ነው አልልም። የመንገድ ናፍቆቱን በግድ አፍኖ የተቀመጠ ሰው ቤቱን እስር ቤት ሲያደርገው አይቻለሁ። ግን የሚጓዝ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም በገንዘብ ወይም በስጦታ አይከፈልም። ከሱቅ የተገዛ ሻርፕ ባለቤቴን ሐይቅ ዳር አያደርሳትም። የሚከፈለው በተራ ነው፤ የቀረው እንዲሄድ፣ የሄደው እንዲቀር።

ባለፈው መስከረም ባለቤቴ ከእህቶቿ ጋር ለሁለት ሳምንት ጎንደርና ባሕር ዳር ሄደች፤ እኔ ቀረሁ። የልጆቹን ምሳ ዕቃ፣ የዕድሩን ስብሰባ፣ የማታውን የቤት ሥራ ያዝኩ። በስድስተኛው ቀን ደውላ ጣና ላይ ጀልባ ውስጥ እንዳለች ስትነግረኝ፣ ነፋሱ ድምፅዋን እየቆራረጠው፣ የሰማሁት ሳቅ ከጋብቻችን በፊት የማውቀው ሳቅ ነበር።

እናቴ እስካሁን ባሕር አላየችም። ፓስፖርቷ ግን ባለፈው ወር ወጥቷል። ጥር ላይ የጅቡቲ ሙቀት ሲበርድ፣ ከአዳማ በባቡር አብረን እንሄዳለን። ዳቦ ቆሎውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ቤት የሚጠብቀው አባቴ ነው።