በእኅት ደሞዝ የሚማር ወንድም፣ ዕዳው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዶራ ወርዳችሁ ገንዘብ የምትልኩ ብዙዎቻችሁ «አባ፣ የወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ደርሷል፤ ዘንድሮ አልችልም ብለው ኃጢአት ይሆንብኛል?» ትሉኛላችሁ።

በሀገራችን መንግሥት የሚያስተምረው ተማሪ ዕዳው የታወቀ ነው። የወጪ መጋራት ደንቡ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን በስሙ ይጽፍበታል። ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይቆረጣል፤ መምህር የሚሆን ደግሞ በአገልግሎቱ ሊከፍል ይችላል። የግል ኮሌጁ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። የእርሱ ዕዳ የተጻፈው በእኅቱ ወገብ ላይ ነው፤ እርሷም የደላላውን ብድር ገና ከፍላ ሳትጨርስ።

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት አኩፋዳ ይዘን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ቁራሹን ማንም አልመዘገበብንም። ዕዳ ግን ነበር። ለሰጠችን እናት አልመለስንም፤ ለተከታዩ ሕፃን ፊደል እያስቆጠርን ከፈልነው። ታዲያ ያቺ እናት ቁራሽ ሰጠችን እንጂ መሶቡን ከነክዳኑ አላስረከበችንም።

በመጽሐፈ ነገሥት ወደ ኤልሳዕ የመጣችውን መበለት አስቡ። ባሏ ሞቶ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ ነበር። ነቢዩ ዕዳው ቀርቶልሻል አላላትም። ዘይቱ በበረከት ሲበዛ ግን ሸጣ እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። የእርሷም መኖር በሂሳቡ ውስጥ ነበረ። ማድጋውንስ ማን ያቀርብላት ነበር? ሊወሰዱ የነበሩት ልጆቿ! እርሷ ትቀዳለች፤ እነርሱ ያቀርባሉ።

ስለዚህ እኅቴ፣ አልችልም ማለትሽን ኃጢአት ለማለት አልደፍርም። ወንድምሽ ከትምህርት መልስ የሚሠራው ነገር አለ? ማድጋውን ያቅርብ እንጂ! ኮሌጁስ ዕውቅና አለው? ይህን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ራሱ ያጣራ፤ ላልታወቀ ዲፕሎማ ላብ መክፈል ያሳዝናል።

1,507 ሊራ የነበረው ዶላር ዛሬ 89,500 ገደማ መሆኑን በሊራ የተከፈላችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉት እኅቶቻችንም ብዙዎቹ የመመለሻ ቲኬት መግዣ አልነበራቸውም።

እንግዲህ የቲኬትሽን ለይተሽ አስቀምጪ። ከቀረው ለእርሱ የምትችዪውን ቁርጥ አድርገሽ በድምፅ ንገሪው፤ ስልክ አጥፍተሽ ግን አትሰወሪበት።

ይቆየን።